እንግዳው ሲሄድ በመርካቶ ማን ያስተምራል?

በውጭ አገር የሚኖር ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ይህን ጥያቄ ሳትሰሙ አትቀሩም፦ «ለእረፍት ስመጣ ለችግረኛ ልጆች እንግሊዝኛ ባስተምርስ? የት ብሄድ ይሻላል?» አንዳንዱም ከሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን አስከትሎ ለመምጣት ያስባል። ሐሳቡ መልካም ነው። የአውሮፕላን ቲኬቱን በራሱ ገንዘብ ቆርጦ፣ እረፍቱን ትቶ የሚመጣ ሰው ክብር ይገባዋል። እኔም የመጋቢ ሚስት እንደ መሆኔ እንዲህ ያሉ እንግዶችን ደጋግሜ ተቀብያለሁ። ምክር ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው መልስ አንድ ነው፤ «መጀመሪያ መርካቶን በእግራችን እንዙር፤ ስለ ማስተማሩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ዛሬ እናንተንም በዚሁ መንገድ ይዤአችሁ ልሂድ። ምቹ ጫማ አድርጉ፤ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አዙሩ፤ ተሸካሚ «ዞር በሉ!» ሲል ቶሎ ዞር በሉ።

በተራ የተከፈለ ገበያ

ከአውቶቡስ ተራ እንነሣ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ስንቱ ሰው የአዲስ አበባን መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው በዚህ መናኸሪያ ነው! ዘመድ ፍለጋ የመጣውም፣ ሥራ ፍለጋ የመጣውም፣ ከቤት ኮብልሎ የመጣው ልጅም ከአውቶቡስ ወርዶ ጥቂት ሲራመድ ራሱን መርካቶ ውስጥ ያገኘዋል።

መርካቶ በተራ የተከፈለ ነው። በርበሬ ተራ ስትደርሱ ከማየታችሁ በፊት ያስነጥሳችኋል። ሸማ ተራ አለ፤ ቦምብ ተራ አለ። ምን አለሽ ተራ ደግሞ ሌላው የጣለው ነገር ሁሉ እንደገና ዋጋ የሚያገኝበት ነው። ያረጀ ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ባዶ ቆርቆሮ ማሰሮን ይተካል፤ የመኪና ጎማ ተቆርጦ ጫማ ይወጣዋል። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ ተጎራብተው ቆመዋል። በአንድ መንገድ ላይ ከሁለቱም የሚወጣ ሰው ይተላለፋል።

የገበያው ስም ራሱ የእንግዳ ቃል ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ እዚህ ተከለው። መርካቶ ማለት በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። ሰዎቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ሄዱ፤ ቃላቸው ግን ቀረ። ፒያሳ፣ ፌርማታ፣ መኪና፣ ሊስትሮ የምንለው ሁሉ ከእነርሱ የተረፈ ነው። እነዚህን ቃላት ማንም ክፍል ውስጥ አስቀምጦ አላስተማረንም። በየቀኑ ስለምንጠቀምባቸው የእኛው ሆኑ። ቋንቋ ከሰው ጋር የሚቀረው እንዲህ ነው፤ ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

አሁን ዓይናችሁን ከዕቃው ላይ አንሡና ልጆቹን ተመልከቱ። ሊስትሮ ሣጥኑን ታቅፎ የእግረኛውን ጫማ ብቻ እያየ ይሄዳል። ሌላው ማስቲካና ሶፍት በካርቶን ይዞ በሰው መካከል ይሽሎከለካል። አንዷ ከእናቷ ጉልት አጠገብ ተቀምጣ ሽንኩርት ትደረድራለች፤ ደብተሯ ከጆንያው ሥር ነው። ከሱቆቹ ጀርባ በቀጭን መተላለፊያ ብትገቡ ቤቶቹን ታያላችሁ። ብዙዎቹ አንድ ክፍል ናቸው፤ ወላጆች ከታች፣ ልጆች ከቆጥ ላይ ይተኛሉ። ማታ መብራት ሲጠፋ የቤት ሥራም አብሮ ያድራል።

የእነዚህ ልጆች ትምህርት በወላጆቻቸው ገበያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በእሳት ሲያያዝ ብዙ ነጋዴዎች ጥሪታቸውን አጥተዋል። ሱቅ ሲቃጠል የሚጎዳው ባለ ሱቁ ብቻ አይደለም። ዕቃ የሚሸከምለት፣ ሻይ የምታፈላለት፣ በበሩ ላይ ጉልት የዘረጋችው፣ የእነዚህም ሁሉ ልጆች አብረው ይጎዳሉ።

ልጁ የሚያውቀው እንግሊዝኛ

«እነዚህ ልጆች እንግሊዝኛ ያውቃሉ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ አዎን እላችኋለሁ፤ የመርካቶን ያህል ያውቃሉ። ኦሪጅናል፣ ሳይዝ፣ ሜድ ኢን ቻይና የሚሉትን ከካርቶን ላይ ለቅመዋል። ፈረንጅ ሲያዩ ዋጋ በእንግሊዝኛ ይጠራሉ። ታዲያ ይህ እውቀት ለገበያ እንጂ ለመጽሐፍ አይበቃም።

በአገራችን እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ግን ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በቤቱ ጉራጊኛ፣ ስልጥኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር፣ በመንገድ ላይ አማርኛ የሚናገር ልጅ በሦስተኛ ቋንቋ ፊዚክስ ይማራል ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ላይ ማላከክ ልክ አይሆንም። ሆኖም ጥያቄውን አንብቦ መረዳት ያልቻለ ልጅ መልሱን ቢያውቅ እንኳ ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ ለመርካቶ ልጅ እንግሊዝኛ ቅንጦት አይደለም። ከ9ኛ ክፍል በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው። ያስገባዋል ወይም ይመልሰዋል። በዚህ ምክንያት እንግዶቻችን «እንግሊዝኛ እናስተምር» ሲሉ የመረጡት ርእስ ትክክል ነው እላለሁ። የሚቀረን ጥያቄ በሁለት ሳምንት ምን ያህል ይቻላል የሚለው ነው።

ሰዓቱ ስንት ነው?

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከባሕር ማዶ የመጣች መምህርት ልጁን በእንግሊዝኛ «ትምህርት ቤት የምትገባው በስንት ሰዓት ነው?» ትለዋለች። ልጁም ኮራ ብሎ «ቱ ኦክሎክ» ይላል። መምህርቷ ከቀትር በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ይመስላትና ስህተት ብላ ታርመዋለች። ልጁ ግን አልተሳሳተም። በእኛ አገር ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው ጎህ ሲቀድ ስለ ሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል፤ እርሷ ስምንት ሰዓት የምትለው ነው። በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። ይህን በአንድ ደቂቃ ሊያስረዳ የሚችለው ሁለቱንም አቆጣጠር የኖረ ሰው ብቻ ነው። እርሱ ከሌለ ልጁ የሚማረው እንግሊዝኛን ሳይሆን ዝምታን ነው፤ በማግስቱ እጁን አያወጣም።

ንባቡም እንዲሁ ነው። ልጆቻችን ፊደልን ሲቆጥሩ 33ቱ ቤቶች በየሰባታቸው 231 ይሆናሉ፤ ያዩትን ፊደል እንደ ታየ ያነቡታል። በእንግሊዝኛ ግን አንዱ ፊደል በአንድ ቃል ውስጥ ይጮኻል፣ በሌላው ውስጥ ዝም ይላል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን ወደ መጨረሻ ያመጣል፤ እንግሊዝኛ መካከል ላይ ያስቀምጠዋል። ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚወጣው ድምፅ ደግሞ በአማርኛ የለም። ስለዚህ ልጁ «አስባለሁ» ሊል ፈልጎ «አይ ሲንክ» ይላል፤ ትርጉሙ «እሰምጣለሁ» ሆኖ ያርፋል።

በዚህ ላይ ለእንግዶች የምነግራቸው አንድ ዘዴ አለ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ያስተምሯችሁ። «ቀጭን»፣ «ጠጠር»፣ «ጨረቃ» በሉ። ፈረንጁ በቀና በጨ ሲንተባተብ ልጆቹ ከልባቸው ይስቃሉ፤ ትልቅ ሰውም እንደሚሳሳት ያያሉ። ከዚያ በኋላ እነርሱም ለመሳሳት አይፈሩም። ቋንቋ የሚማር ልጅ ከመዝገበ ቃላት በፊት የሚያስፈልገው ይህ ድፍረት ነው።

ሁለት ዓመት የቆዩት እንግዶች

እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ አገራችን በፈቃዳቸው የመጡ እንግዶች ታሪክ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1961 የሰላም ጓድን አቋቋሙ፤ እኛ ፒስ ኮር የምንለው ነው። በዓመቱ፣ በ1962፣ ከ270 በላይ ወጣት አሜሪካውያን በአንድ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በኋላ የምክር ቤት አባል የሆኑት ሃሪስ ዎፎርድ መሪያቸው ነበሩ። ወጣቶቹ በአዲስ አበባና በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበትነው እንግሊዝኛና ሌሎች ትምህርቶችን አስተማሩ። ፕሮግራሙ በ1977 ተቋርጦ በ1995 እንደገና ጀመረ፤ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ሁሉ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከኢትዮጵያም ወጡ።

በዚያ ዘመን የተማሩ አባቶችና እናቶች በየጉባኤያችን ዛሬም አሉ፤ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ የመምህራቸውን ስም ጠርተው ያወሯችኋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሰላም ጓድ መምህር ከመምጣቱ በፊት አማርኛ ይማር ነበር። ከመጣ በኋላም በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ይቆያል። ክረምቱንም በጋውንም ያያል፤ ልጁ ለምን ሰኞ ሰኞ እንደሚቀር ያውቃል። በሁለት ሳምንት ይህ አይገኝም።

እንግዲህ ሁለት ዓመት መቆየት የማይችል እንግዳ ምን ያድርግ? ሥራ አለው፤ ልጆች አሉት፤ የእረፍቱ ቀን የተቆጠረ ነው። ይቅርበት ልንለው ነው? አይደለም። መልሱን ለማግኘት ከመርካቶ ጥቂት ራቅ እንበል።

ከዛፍ ሥር የተጀመረው ትምህርት ቤት

ከመርካቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጣ ስትሉ፣ በጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ፣ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አለ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲከፈት እንግሊዛውያን መምህራን ያስተምሩበት ነበር። እዚያ ከተማሩት ልጆች አንዱ አስፋው የምሩ ይባላል። በዘጠኝ ዓመቱ ብቻውን አዲስ አበባ ገብቶ የጎዳና ኑሮ የቀመሰ ልጅ ነው። በትጋቱ ዊንጌት የመግባት ዕድል አገኘ፤ እዚያም አዳሪ ሆነ።

አስፋው የትምህርት ቤቱን ትራፊ ምግብ በደጅ ለቆሙት ልጆች ያካፍል ጀመር። ልጆቹ ከምግቡ ሌላም ነገር ጠየቁት፤ «እኛንም አስተምረን» አሉት። እርሱም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዛፍ ሥር ሰብስቦ ያስተምራቸው ገባ። ቀን የተማረውን መልሶ ይሰጣቸው ነበር። በኋላም ንጉሠ ነገሥቱን ለምኖ መሬት አገኘ፤ ከልጆቹ ጋር ሆኖ ክፍሎቹን ሠራ። ስሙንም አሠረ ሐዋርያት አለው፤ የሐዋርያት ፈለግ ማለት ነው። ክፍያ የማይጠየቅበት፣ ዱላ የሌለበት ትምህርት ቤት ነበር። አስፋው የምሩ በ2001 እ.ኤ.አ. በስዊድን የሚሰጠውን የዓለም የሕፃናት ሽልማት ተቀበለ። በ2021 እስኪያርፍ ድረስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በእርሱ ትምህርት ቤቶች አልፈዋል።

ወገኖቼ፣ ይህን ነገር አስተውሉት። በዊንጌት ያስተማሩት እንግዶች ተራ በተራ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በጎዳና ላይ ያሉትን ልጆች ሁሉ እነርሱ ሊደርሱባቸው አይችሉም ነበር። ካስተማሯቸው አንዱ ግን ቀረ። እርሱ የልጆቹን ቋንቋ ያውቃል፤ ረሀባቸውንም ያውቃል፤ ማታም በዚያው ሰፈር ያድራል። የእንግዳ ድካም ለመቶ የሚበዛው እንዲህ ባለ ሰው በኩል ሲያልፍ ነው።

ስለዚህ ከውጭ ለሚመጣው ወዳጃችሁ የምትሰጡት መልስ ይህ ይሁን፦ «ልጆቹን ከሚያስተምረው ሰው ጋር ና። ለእርሱ ረዳት ሁን።»

እንግዳ የምትቀበሉ ከሆነ

ይህን በተግባር እንዴት እናድርገው? በመርካቶ አካባቢ ለልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት የምትሰጡ ወይም ለመጀመር የምታስቡ ጉባኤዎች የሚከተለውን ልብ ብትሉ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ፣ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ክፍሉ ይኑር። ከአውሮፕላኑ ጋር መጥቶ ከአውሮፕላኑ ጋር የሚሄድ ክፍል ለልጅ መልካም አይደለም። በየዓመቱ አዲስ ሰው እየወደደ በየዓመቱ የሚሰናበት ልጅ፣ ሰው ሁሉ ሄያጅ ነው ብሎ ይደመድማል።

ሁለተኛ፣ የእንግዳው ጠዋት ለመምህራኑ ይሁን። የሰፈሩ ወጣቶች፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ የሚጠብቁም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ከእርሱ ጋር ይነጋገሩ፣ ያንብቡ፣ አነጋገራቸውን ያርሙ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን እነርሱ ያስተምሩ፤ እንግዳው ከጎን ሆኖ ትንንሽ ቡድን ያነጋግር። ሲሄድ ክፍሉ አይዘጋም። ከተመለሰም በኋላ በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ከመምህራኑ ጋር መነጋገር ይችላል፤ ይህ ከሁለት ሳምንቱ ይልቅ ሊጠቅም ይችላል።

ሦስተኛ፣ የልጆቹን ሰዓት ዕወቁ። እንግዶች የሚመቻቸው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያን ጊዜ ነውና እኛም ልጆቹ ነፃ የሆኑ ይመስለናል። የመርካቶ ልጅ ግን ትምህርት ሲዘጋ ሙሉ ቀን ወደ ሥራ ይሰማራል። የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ገበያው የሚደራበት ሰሞን ነው፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ባዶ ቢሆን አትቈጡ። ወላጆችን ቀርባችሁ ጠይቁ፤ ሰዓቱን እነርሱ ይንገሯችሁ።

አራተኛ፣ ለወላጆች ታማኞች እንሁን። በመርካቶ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ወንጌላዊውም ጎን ለጎን ይኖራል። እንግሊዝኛ እናስተምራለን ብለን ልጅ ከተቀበልን እንግሊዝኛ እናስተምር። ሌላ የምናደርገው ነገር ካለ ወላጁ አስቀድሞ ይወቅና ይፍቀድ። በሽፍንፍን የተሠራ መልካም ነገር ስማችንን ያጎድፋል፤ ልጁንም በቤቱና በእኛ መካከል ያቆመዋል።

አምስተኛ፣ ልጆቹን ጠብቁ። እንግዳም ቢሆን፣ የራሳችን ሰውም ቢሆን፣ ከልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይሁን፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኑር። ያለ ወላጅ ፈቃድ ፎቶ አይነሣ። የሊስትሮውን የተቀደደ ሸሚዝ አንስቶ ለባሕር ማዶ ወዳጅ መላክ ለሚልከው ቀላል ነው። ልጁ ግን ነገ አድጎ ያንን ፎቶ ያየዋል። የእናንተን ልጅ በዚያ መልክ ማንም እንዲያነሣው ትፈቅዳላችሁን?

ለባልና ለሚስት

በመጨረሻ ለባለ ትዳሮች አንድ ቃል አለኝ። ይህን ጽሑፍ በአዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ከመርካቶ የአንድ ወይም የሁለት ታክሲ መንገድ ላይ ናችሁ። ፓስፖርት አያስፈልጋችሁም። አማርኛ ታውቃላችሁ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ምን እንደ ሆነ ማንም ሊያስረዳችሁ አይገባም። እንግሊዝኛችሁ እንደ እንግዳው ላይፈስስ ይችላል። ነገር ግን የ5ኛ ክፍል ልጅ መጽሐፉን እንዲያነብ ለመርዳት የሚጠይቀው እውቀት ካላችሁ ይበቃል።

ባልና ሚስት አንድ ላይ ሆናችሁ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብትሰጡ ምን ያህል ይሆናል? አንዳችሁ ስታስተምሩ ሌላችሁ ስም ጥሩ፤ የቀረውን ልጅ ለምን እንደ ቀረ እናቱ ጉልት ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። ስድስት ልጅ ያዙ፤ ከስድስት አትለፉ። ለአንድ ወር ሳይሆን ከመስከረም እስከ ሰኔ ቃል ግቡ። ልጆቻችሁም አብረዋችሁ ይምጡ፤ ከመርካቶ ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ያንብቡ። በቤታችሁ ስለ ሌላው ማሰብን ከምታስተምሩበት ብዙ ንግግር ይህ አንዱ ቅዳሜ ይበልጣል።

በዚህ ሳምንት ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት፤ ጸልዩበትም። «የትኛው ሰዓት ይመቸናል?» «ማንን እንጠይቅ?» ተባባሉ። በቤተ ክርስቲያናችሁ የልጆች አገልግሎት ካለ ኃላፊውን አነጋግሩ። ከሌለም በሰፈሩ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሄዳችሁ «ማጠናከሪያ የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ ወይ?» በሉ። የለም የሚላችሁ አይመስለኝም።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።